የአያት ቀለብ

የቀበሌው ተላላኪ መጥሪያውን ይዞ ሲመጣ ጋሽ ሣህሌ እንሰቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። እየሠሩ አልነበረም፤ እያረፉም አልነበረም። ተላላኪው ሰላምታውን ደጋግሞ ካቀረበ በኋላ ነው ቀና ያሉት።

"ጋሽ ሣህሌ፣ ቦንጋ ፍርድ ቤት ይፈልግዎታል። ለምስክርነት ነው፤ የደጉና የዙፋን የቀለብ ክርክር።"

"እሺ" አሉ።

"የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ነው። እንዳይቀሩ።"

"እሺ።"

ጣታቸውን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ አስፈረማቸውና ሄደ። ጋሽ ሣህሌ ቀለሙን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው እንደነበሩ ተቀመጡ።

ባለቤታቸው አልጣሽ ባለፈው ክረምት ካረፈች ወዲህ ለሁሉም ነገር እሺ ይሉ ነበር። ቄሱ የተዝካሩን ቀን ሲቆርጡ እሺ፣ ጎረቤት በሬ አውሱኝ ሲል እሺ፣ ዝናብ መጣ ይግቡ ሲባሉ እሺ። በቀብሯ ዕለት አላለቀሱም፤ በአርባዋም አላለቀሱም። ሰው "ጠንካራ ናቸው" አለ። ጥንካሬ አልነበረም። ሰው እጁን ተንተርሶት ሲያድር እንደሚደነዝዘው ያለ ነገር ነበር፤ የደነዘዘ እጅ ግን ቆይቶ ይነዝራል፣ የሳቸው አልነዘረም። በሚያዝያ ማር ሲቆረጥ ከዛፉ ሥር ቆመው ሳለ ንብ የዐይናቸው ቆብ ላይ ነደፈቻቸው። ጎረቤታቸው ተሰማ "ዐይንህን ምን ነካህ?" ብሎ እስኪጠይቃቸው ድረስ አላወቁም። በእጃቸው ሲዳስሱት ዐይናቸው አብጦ ተከድኗል።

ደጉ አንድ ልጃቸው ነው። ዙፋንን ከዋጫ አምጥቶ ያገባ ጊዜ ጋሽ ሣህሌ ከወንዙ ወዲያ ያለውን ጫካ፣ ቡናውን ከነቀፎው፣ በሽማግሌ ፊት "ይኸ ያንተ ነው" ብለው ሰጡት። ወረቀት አልተጻፈም፤ በዚያ አገር ጫካ የሚሰጠው በቃል ነው። ዙፋንና ደጉ ከወላጆቹ ቤት አጠገብ ጎጆ ቀልሰው ኖሩ፤ ሴት ልጅ ወልደው ማርቲ አሏት። ከዚያ ደጉ በቡና ሰሞን ለንግድ እያለ ቢታ ገነት መመላለስ ጀመረ። መጀመሪያ ሳምንት ይቆይ ነበር፣ ኋላ ወር። በመጨረሻ እዚያ ሌላ ሴት እንዳለችው ራሱ መጥቶ ተናገረ፤ ተናግሮም አላፈረም። ዙፋን አልጮኸችም። ልጇን አዝላ፣ እቃዋን በእጇ ይዛ ቦንጋ ገባችና አንዲት ክፍል ተከራየች። ሆቴል ቤት አንሶላ እያጠበች፣ በገበያ ቀን ቆጮ እየሸጠች ስትኖር ቆይታ ነው የልጇን ቀለብ ልትጠይቅ ፍርድ ቤት የሄደችው።

ደጉ ለክሱ የሰጠው መልስ አጭር ነበር። ድሃ ነኝ፤ ጫካውም ቀፎውም የአባቴ ነው፤ እኔ አጋዥ ነኝ።

ጫካው ሲሰጥ ከነበሩት ሽማግሌዎች ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛው ተሰማ ነው። እሱም ሲጠየቅ "ዕድሜ ነው፣ አላስታውስም" ብሎ ተገላገለ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ወደ ጋሽ ሣህሌ አፍ ዞረ።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው እሑድ ደጉ አባቱ ቤት መጣ። ስኳር ገዝቶላቸዋል፣ አዲስ ባርኔጣም ይዞላቸዋል። ባርኔጣውን በገዛ እጁ ራሳቸው ላይ ደፋላቸው።

"አባዬ፣ አንዲት ቃል ናት" አለ። "'ጫካው የኔ ነው፣ እሱ ያግዘኛል' ማለት ብቻ።"

"እሺ።"

"ካልሆነ እኮ በየወሩ ሊያስከፍሉኝ ነው። እዚያም ልጅ ሊወለድብኝ ነው። ከየት አመጣለሁ?"

"እሺ።"

"ደግሞ ውሸት አይደለም። መሬቱ መቼም ያንተና የአባቶችህ ነው። አይደለም እንዴ?"

"እሺ፣ ደጉ።"

ደጉ የአባቱን ጉልበት ሳመና ደስ ብሎት ሄደ። ጋሽ ሣህሌ ባርኔጣውን አውልቀው አልጋው ላይ አስቀመጡት። ማክሰኞ ምን እንደሚሉ አላሰቡም። አሳብ ራሱ ሩቅ አገር ሆኖባቸው ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ ተነስተው በእግራቸው ወደ ቦንጋ ወጡ። የሰኔ ዝናብ ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ጫካው ጭጋግ። ፍርድ ቤቱ ሲደርሱ ዙፋን ማርቲን ይዛ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። እንዳየቻቸው ተነሳች።

"አባባ! በዚህ ዝናብ?" ብላ ቦታዋን ለቀቀችላቸው። ነጠላዋን አውልቃ ትከሻቸውን አደረቀች። ስለ ክሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ከጎናቸው ቆማ ዝናቡን ታይ ጀመር።

ማርቲ አፏን ከፍታ ድዷን አሳየቻቸው። "ጥርሴ ወለቀ" አለች።

ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን አዩ። "የት ጣልሽው?"

"ጣሪያ ላይ።"

"እሺ" አሉ።

ደጉ ከግቢው ማዶ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። ለአባቱ በአገጩ ሰላምታ ሰጠና ፊቱን መለሰ።

ዳኛዋ ወጣት ናት፤ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ናት ይባላል። ጉንፋን ይዟት ስለነበር በየመሐሉ ታስነጥሳለች። መጀመሪያ ዙፋንን ጠየቀቻት፦ ልጅቷ ምን ትበላለች፣ የቤት ኪራዩ ስንት ነው፣ ትምህርት ቤት ስትገባ ምን ያስፈልጋታል፣ ስትታመም የት ትወስዳታለች። ዙፋን ሁሉንም በዝግታ መለሰች፤ ምንም አልጨመረችበትም። ከዚያ ዳኛዋ ወደ ደጉ ዞረች።

"ቀለብ በሁለት ነገር ይለካል" አለችው። "ልጅቷ በሚያስፈልጋትና አባቷ ባለው አቅም። ደመወዝተኛ ብትሆን ሥራው ቀላል ነበር፤ ለመሥሪያ ቤትህ ጽፈን ከደመወዝህ ላይ በየወሩ እናስቆርጥ ነበር። ገበሬ ስትሆን ግን ያለህን ማወቅ አለብን።"

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ የለኝም" አለ ደጉ። "ያለው የአባቴ ነው። ይኸው አባቴ መጥተዋል፣ ይጠየቁ።"

ጋሽ ሣህሌ ማሉ። አማርኛ ያውቃሉ፤ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሲመጣ መልሱ በካፊኛ ወጣ። የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር እትዬ ወርቅአፈራሁ እዚያው ያደጉ ሴት ናቸው፤ ብድግ ብለው ያስተረጉሙ ጀመር።

"ከወንዙ ማዶ ጫካ ውስጥ ቀፎ አለ?" ጠየቀች ዳኛዋ።

"አለ።"

"ዛፍ ላይ የሚወጣው ማነው?"

"ደጉ።"

"ማሩን ገበያ የሚያወርደውስ?"

"ደጉ።"

"ቡናውን ማን ይለቅማል?"

"ደጉ ሰው ቀጥሮ ያስለቅማል።"

"ገንዘቡን ማን ይቀበላል?"

"ደጉ።"

እትዬ ወርቅአፈራሁ ይህን ሲያስተረጉሙ ድምፃቸው ቀነሰ። ደጉ ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ ፖሊሱ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

"ታዲያ ጫካው የማን ነው፣ አባቴ?"

ጋሽ ሣህሌ ልጃቸው የነገራቸውን ቃል አልረሱትም። ከአፋቸው ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን ያንን ቃል ለመናገር ፊታቸውን ማስተካከል፣ ድምፃቸውን ማጥበቅ፣ ቀጥሎ ለሚመጣውም ጥያቄ ሌላ መልስ መፈለግ ነበረባቸው። ውሸት ጉልበት ይፈልጋል። የሳቸው ጉልበት ደግሞ አልቋል።

"ስድረው ሰጥቼዋለሁ" አሉ።

ለዙፋን ብለው አልነበረም፤ ለእውነት ብለውም አልነበረም። እውነቱ ቅርብ ስለነበረ ነው።

ሲወጡ ደጉ በሩ ላይ ጠበቃቸው። ፊቱ ገርጥቷል። "ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም" አላቸው።

"እሺ" አሉ ጋሽ ሣህሌ። ጭቃውን እያዩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ፍርድ ቤቱ ቀበሌውን አዘዘ። ሊቀመንበሩ፣ የግብርና ልማት ሠራተኛውና ሁለት ሽማግሌዎች ጫካው ገብተው ቀፎውንና ቡናውን ገመቱ። ዳኛዋ ከዚያ ግምት ላይ የልፋቱንና የመንግሥት ግብሩን ቀንሳ፣ ሊወለድ ነው የተባለውንም ልጅ አስባ፣ ለማርቲ በወር ሰማንያ ብር ቆረጠችላት። ገበሬ በየወሩ ገንዘብ አያገኝምና ክፍያው በዓመት ሁለቴ እንዲሆን ተወሰነ፤ ግማሹ ቡና ሲሸጥ በታኅሣሥ፣ ግማሹ ማር ሲሸጥ በሰኔ። ገንዘቡ ፍርድ ቤት ገቢ ይሆናል፤ ዙፋን ፈርማ ትወስዳለች።

በታኅሣሥ ደጉ ከፈለ። ሙሉውን ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ ደረሰኙን እንኳ ሳይቀበል ሄደ። በጥር ግን የሚቀጥለውን ዓመት ቡና ገና ሳያፈራ ለአንድ ነጋዴ ሸጠና ብሩን ተቀበለ። በሚያዝያ ማሩን ቆርጦ ሸጠ። ሰኔ ሲገባ እሱ የለም። ዙፋን የአፈጻጸም ፋይል ከፈተች። ፖሊስ ቢታ ገነት ሄዶ ሲጠይቅ ወደ ደካ ሄዷል ተባለ፤ ደካ ሲጠየቅ ቴፒ ታየ ተባለ። የቢታዋ ሴት ራሷ የት እንዳለ አታውቅም ነበር፤ ሕፃን ታቅፋ በር ላይ ቆማ፣ ካገኛችሁት ለኔም ንገሩኝ አለች አሉ።

መስከረም ጠባ፤ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ገባ። ቦንጋ ለሚሊኒየሙ አጥሯን ቀለም ቀብታ፣ ባንዲራ አንጠልጥላ ነበር። ማርቲ አንደኛ ክፍል ገባች። ዙፋን ለደንብ ልብስ ተበደረች፤ ለኪራይ ተበደረች፤ ከዚያ የሚያበድራት ጠፋ። ፋይሉን ልትጠይቅ ስትመጣ ነው እትዬ ወርቅአፈራሁ ወደ ጎን ጠርተው የነገሯት።

"አባት ሲጠፋ ወይም አቅም ሲያጣ ግዴታው ወደ አያት ይዞራል። ሕጉ ነው" አሏት።

"አባባን ልክሰስ?"

"እኔ ክሰሽ አላልኩም። አለ ነው ያልኩሽ።"

ዙፋን ይህን ይዛ ብዙ ቀን ቆየች። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በዚያው ነጠላዋ ወደ ጋሽ ሣህሌ ቤት ሄደች። እንሰቱ ሥር አገኘቻቸው። ጉልበታቸውን ስማ ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

"አባባ፣ ልከስዎት ነው" አለች።

"እሺ።"

"ከመጥሪያ ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት ብዬ ነው። ደጉ ጠፋ። ልጅቷን ብቻዬን አልቻልኩም። ባይሆንልኝ ነው።"

"እሺ፣ ልጄ።"

ዙፋን ሌላ ነገር ይሉ እንደሆነ ጠበቀች። ተነስታ ቤት ገባች፤ የቤቱን መልክ አየች። መጥረጊያ ፈልጋ ጠረገች፣ ከጓሮ ጎመን ቀንጥሳ ቀቀለች፣ ውኃ ቀዳች። ጋሽ ሣህሌ ከውጭ የመጥረጊያውን ድምፅ ይሰሙ ነበር። ስትወጣ "ጎመኑ ምድጃ ላይ ነው፣ ሳይቀዘቅዝ ይብሉት" አለቻቸው። አመሻሽ ላይ ቀዝቅዞ በሉት።

ተሰማ ወሬውን ሲሰማ በሳቅና በንዴት መሐል ሆኖ መጣ።

"የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይኸ ነው! ልጅህ ወልዶ ጠፋ፣ አንተ ልትከፍል?"

"እንደዚያ ነው የሚሉት።"

"ሞኝ አትሁን። እኔ ጠይቄልሃለሁ። ገንዘብ አልሰጥም፣ ልጅቷን ቤቴ ወስጄ እቀልባለሁ በል። ይቻላል። ውኃ ትቀዳልሃለች፣ እሳት ታነድልሃለች፣ ብቻህን ከምትቀመጥ ሰው ይሆንሃል። አንዲት ሳንቲም ከኪስህ አይወጣም።"

"እሺ" አሉ ጋሽ ሣህሌ። ያሰቡበትም ነገር ይኸው ነበር፤ ማሰብ ከተባለ። ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር አይከፋም።

በቀጠሮው ቀን ያችው ዳኛ ነበረች። ለሁለተኛ ጊዜ ስታያቸው ፊቷ ላይ ትንሽ ማፈር ነበር። እየደጋገመች "አባቴ" አለቻቸው። ሕጉን በቀስታ አስረዳቻቸው፤ እትዬ ወርቅአፈራሁም በካፊኛ ደገሙላቸው። ቀጥላ ጠየቀቻቸው።

"ሁለት መንገድ አለ። ባለዎት አቅም ቀለብ ይቆረጥብዎታል፤ ወይም ልጅቷን ቤትዎ ወስደው እዚያ እቀልባታለሁ ካሉ ፍርድ ቤቱ ያየዋል። የቱን ይፈልጋሉ?"

ጋሽ ሣህሌ ወደ ዙፋን ዞሩ። ዙፋን ቀና አላለችም። ከንፈሮቿ ደም እንደሌላቸው ነጭ ሆኑ። ከጎኗ ማርቲ የደንብ ልብሷን ለብሳ እግሯን ታወዛውዛለች። የዚያን ጊዜ ጋሽ ሣህሌ ቤታቸው ታያቸው። ማንም የማይናገርበት ክፍል፣ ያልተነጠፈ አልጋ፣ ቀኑን ሙሉ እሺ የሚል ሽማግሌ። ልጅቷ ጥርሴ ወለቀ ስትል፣ ፈተና አለፍኩ ስትል፣ ሆዴን አመመኝ ስትል፣ እሺ እሺ። ደረታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተነቃነቀ። ምን እንደሆነ አላወቁም፤ ወዲያውም ተወ።

"የኔ ቤት ልጅ የሚያድግበት ቤት አይደለም" አሉ በአማርኛ። "ከእናቷ ጋር ትኑር። እኔ አመጣለሁ።"

ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። ያላቸውን ጠየቀቻቸው፤ አልደበቁም፤ ለመደበቅም እንደ መዋሸት ሁሉ ጉልበት ያስፈልጋል። ደጉ የሸጠውን ቡና ነጋዴው ይለቅመዋል፤ እሳቸው ውል አፍርሱ ብለው የሚከራከሩ ሰው አይደሉም። የቀራቸው የራሳቸው ጥቂት ቡናና ደጉ ጥሎት የሄደው ቀፎ ነው። ዛፍ መውጣት ስለማይችሉ የሚወጣላቸው ሰው የማሩን እኩሌታ ይወስዳል። ዳኛዋ ይህን ሁሉ ጻፈች።

"ለራስዎ መኖሪያ ተርፎዎት ነው መክፈል ያለብዎት" አለች። "ሃምሳ ብር በወር ይችላሉ?"

"እሺ።"

"ክቡር ፍርድ ቤት" አለች ዙፋን ድንገት። "ሃምሳ ይበዛባቸዋል። አርባ ይበቃል።"

ዳኛዋ ከሳሽ ተከሳሹን ሲያስቀንስለት አይታ አታውቅ ይሆናል፤ አንዴ ዙፋንን አንዴ ሽማግሌውን አየች። አርባ ብላ ጻፈች። ደጉ የተገኘ ቀን ውዝፉም ከዚያ በኋላ ያለውም እንደሚጠየቅ ጨመረችበት።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሣህሌ ገንዘብ ባገኙ ቁጥር ዓርብ ዓርብ ቦንጋ ይወጡ ጀመር። በዓመት ሁለቴ መክፈል ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ማር የሸጡ እንደሆነ የማሩን፣ ቆጮ የሸጡ እንደሆነ የቆጮውን፣ በግ የሸጡ እንደሆነ የበጉን ይዘው ይመጣሉ። የሂሳብ ሠራተኛው ይሰለቻል። "ጋሼ፣ አንድ ላይ ቢያደርጉት" ይላቸዋል። እሺ ይላሉ፤ በሌላው ዓርብ ግን አሁንም ይመጣሉ። ደረሰኙን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ዙፋን ቤት ይደርሳሉ። ማርቲ ከትምህርት ቤት እስክትመጣ በር ላይ ይቀመጣሉ። ስትመጣ ብዙ አያወሩም። ደብተሯን ታሳያቸዋለች፤ ፊደል ስለማያውቁ ሥዕሉን ያያሉ።

"ይኸ ምንድነው?" ይላሉ አንዳንዴ።

"ላም ናት፣ አባባ።"

"ቀንዷስ?"

ማርቲ ቀንድ ትጨምርላታለች።

ሰው ይህን አይቶ ጋሽ ሣህሌ ዳኑ፣ ልጅቷ መድኃኒት ሆነችላቸው አለ። እሳቸው እንደዚያ አልተሰማቸውም። ይሄዳሉ፣ ይከፍላሉ፣ ይመለሳሉ። ዓርብ ከሌሎቹ ቀናት የሚለየው እግራቸው የሚሄድበት ቦታ ያለው ስለሆነ ነበር። እሱም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ደጉ ተመለሰ። ከስቷል፤ ቢጫ ወባ ይሁን ሌላ ዐይኑ ውስጥ ቢጫ ነገር ነበር። የንግዱ ገንዘብ አልቋል፤ ቴፒ ላይ የቀን ሥራ ሲሠራ ቆይቷል፤ የቢታ ገነቷ ሴት በሯን ዘጋችበት። ከአባቱ ደጃፍ ቆሞ መግባቱንም መሄዱንም ሳይመርጥ ብዙ ቆየ።

ጋሽ ሣህሌ አዩት። መናደድ እንዳለባቸው አወቁ፤ ቁጣው ግን አልመጣም። ደስታም አልመጣም። "ግባ፣ ብላ" አሉት።

በላ። ሲጨርስ ባዶውን ሳህን እያየ፣ "ጫካው አሁንም የኔ ነው፣ አባዬ?" አለ።

"ዛፎቹ ማርቲን ነው የሚቀልቡት" አሉ። "የምትወጣ ከሆነ ለሷ ውጣ።"

በሚያዝያ የገተሙ ዛፍ አበባ ረግፎ ቀፎው ሲሞላ ደጉ ወጣ። ከበሽታው ገና አላገገመም፤ ትልቁ የቀረሮ ዛፍ ላይ እኩሌታው ሲደርስ ክንዱ ተንቀጠቀጠ፣ ገመዱ ሸርተት አለ። ጋሽ ሣህሌ ከታች ሆነው "ቀኝህን! ቀኝህን ያዝ!" ብለው ጮኹ። ድምፃቸው ለራሳቸው እንግዳ ሆነባቸው፤ እንዲህ ከጮኹ ስንት ጊዜያቸው ነው። ደጉ በቀኝ እጁ ቅርንጫፉን ጨበጠ። ከዚያ ማሩ በቅርጫት መውረድ ጀመረ።

ዓርብ አብረው ቦንጋ ወጡ። ደጉ ፍርድ ቤቱ አጥር ጋ ሲደርስ ቆመ። "ውዝፍ አለብኝ። ቢያስሩኝስ?" አለ።

"እኔ እንጃ" አሉ አባቱ እውነታቸውን፤ ጥለውት ገቡ።

ዙፋን ሂሳብ ክፍሉ በር ላይ ነበረች። በአጥሩ ፍርግርግ መሐል የቆመውን ሰው አይታ መጀመሪያ አላወቀችውም። ስታውቀው ፊቷ አልተለወጠም።

"ይግባ ይበሉት" አለች። "እኔ ምንም አልለውም። የሚለው ፋይሉ ነው።"

ጋሽ ሣህሌ ተመልሰው ጠሩት። እትዬ ወርቅአፈራሁ ፋይሉን አወጡ፤ የሂሳብ ማሽናቸውን እየነካኩ ያልተከፈለውን ደመሩ፣ አያት የከፈለውን ቀነሱ። የወጣውን ቁጥር ሲያነቡለት ደጉ ግድግዳውን ተደገፈ። ዳኛዋ ዘንድ ቀርበው ውዝፉ በቡናና በማር ወቅት ተከፋፍሎ እንዲከፈል ተስማሙ። ዙፋን ፈረመች። ደጉ ፈረመ። የአያት ግዴታ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደሚነሳላቸው ለጋሽ ሣህሌ ነገሯቸው። እሺ አሉ፤ ቆይተው ግን "ዓርብ ዓርብ መምጣት ይከለክላል?" ብለው ጠየቁ። እትዬ ወርቅአፈራሁ አይከለክልም አሏቸው።

ማርቲ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሦስቱም ዙፋን የተከራየችበት ግቢ ውስጥ ነበሩ።

"አባትሽ ነው" አለቻት እናቷ።

ማርቲ ለእንግዳ እንደሚደረገው እጇን ዘርግታ "ጤና ይስጥልኝ" አለችው። ደጉ እጇን ያዘ፤ መቼ እንደሚለቀው ግን አላወቀም። ራሷ ሳብ አድርጋ አስለቀቀችውና ደብተሯን ለአያቷ ልታሳይ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሣህሌና ደጉ ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ሰማዩ ጠቁሯል። ደጉ ወጣት ነውና ይፈጥናል፤ ጋሽ ሣህሌ ወደኋላ ቀሩ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ውኃው መሙላት ጀምሯል። ደጉ ከዚህኛው ዳር ድንጋይ ላይ ቆሞ እየጠበቃቸው ነበር። እጁን ዘረጋላቸው፣ ያዙት፣ ተሻገሩ።